የአሥር ዋቷ ፕሮሰሰር

ጥቅምት 11

ቁርስ ፍርፍር። ጡረታ ከወጣሁ ሰባት ወር ሆነኝ። አሁንም አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ዐይኔ ይገለጣል… ለምን? ማንም አይጠብቀኝም።

ፊት ለፊታችን የሚሠራው ሕንፃ ስድስተኛ ፎቁን ጀመረ። ሩዋንዳ ሰፈር ውስጥ ከእኛ ግቢ በቀር መሬት ላይ የቀረ ቤት ያለ አይመስለኝም። አቧራው ሻይ ውስጥ ይገባል፣ አንሶላ ውስጥ ይገባል፣ የምንትዋብ ኮምፒውተር ውስጥም ይገባል። ባለፈው ከፍቼ ሳጸዳው ፋኑ ላይ ያገኘሁት ሲሚንቶ ግማሽ ብሎኬት ይወጣው ነበር።

ምንትዋብ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ የፊተኛዋ ክፍል ውስጥ የደንበኛ ጽሑፍ ትጽፋለች። ጓሮ ሆኜ እሰማታለሁ። ሠላሳ ዓመት መሥሪያ ቤት ውስጥ በታይፕ የጻፈች ሴት ኪቦርድ ላይም ያው ናት፣ ትደቁሰዋለች። ጣቷን አታይም፤ ዐይኗ ወረቀቱ ላይ ነው። ሚስቴ ስለሆነች አይደለም፤ ከመድኃኔዓለም እስከ ገርጂ እንደ እሷ የምትጽፍ ካለች ትምጣና ትቀመጥ።

አምስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። የኮምፒውተሩ መጠባበቂያ ባትሪ፣ ዩፒኤሱ፣ ጮኸ፣ አራት ደቂቃ ቆየ፣ ጸጥ አለ። በረንዳ ወጥታ ተቀመጠች።

ጥቅምት 14

ዛሬ አሥራ አንድ ገጽ ጠፋባት። መብራቱ ሲሄድ ዩፒኤሱ አራት ደቂቃ እንኳን አልሰጣትም።

የጠፋው የፌናን ነው። ፌናን ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ናት፤ ማታ ማታ ማስተርሷን ትማራለች። ፋብሪካው ካለበት መሬት ላይ ያርሱ የነበሩ ሽማግሌዎችን እየዞረች ተረታቸውንና ምርቃታቸውን ሰብስባለች። አራት ደብተር ሙሉ፣ በእጅ ጽሑፍ። ኦሮምኛው አለ፣ ከሥሩ የአማርኛ ትርጉሙ አለ። የአያቷም አለበት። የካቲት 2 ማስረከብ አለባት።

ምንትዋብ ማታ እራት ላይ፣ "ይህን የልጅቷን ልጨርስና በቃኝ" አለች።

"ምኑ?"

"ጽሕፈቱ። ክፍሉን ለጸጉር ቤት እናከራየው። አንድ ገጽ ሁለት ሁለት ጊዜ መጻፍ ሰለቸኝ፣ እሸቴ።"

ያለ ጽሕፈት ምንትዋብን አላውቃትም። ያገኘኋት ራሱ ታይፕ ላይ ተቀምጣ ነው… ቀና ሳትል "ማመልከቻዎ ሁለት ቦታ ተሳስቷል" ያለችኝ ጊዜ ነው የተያዝኩት። ጸጉር ቤት! አይሆንም።

ጥቅምት 16

እሑድ። አዲስ ለምሳ መጣ። ልጄ ባንክ ውስጥ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነው፤ ደህና ሰው ወጥቶታል፣ መናገር ግን ያበዛል።

መብራት ሲጠፋ የማትጠፋ ትንሽ ኮምፒውተር ለእናትህ በእጄ እሠራለሁ አልኩት። ሳቀ።

"አባዬ፣ ላፕቶፕ ግዛላት በቃ።"

"ሞክራዋለች። ቁልፉ ለእሷ ጣት አይሆንም፣ አንጓዋን አሳመማት። ባትሪውስ? ሁለት ሰዓት። መብራት የሚጠፋው ቀኑን ሙሉ ነው።"

"እሺ፣ ከሠራህ አይቀር ኮር አይ ሰባት አድርግላት።"

የኮምፒውተር አንጎል፣ ፕሮሰሰር፣ ሲነሣ ሰው ሁሉ ኮር አይ ሰባት። ምን እንደሚያደርግለት የሚያውቀው የለም፣ ሰባት ከአምስት እንደሚበልጥ ግን ሁሉም ያውቃል።

እውነቱን እዚህ ልጻፍ… ላፕቶፑን ያልፈለግኩት በእሷ ጣት ብቻ አይደለም። ሠላሳ ሦስት ዓመት የአውሮፕላን ኤሌክትሪክ ጠግኜ፣ አሁን ጓሮ ቁጭ ብዬ ፎቅ ሲሠራ መቁጠር ሆነ ሥራዬ። እጄ አልጃጀም። እንዳልጃጀ ማየት እፈልጋለሁ።

ጥቅምት 19

መድኃኔዓለም ሄድኩ፣ ቶሌራ ሱቅ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ አባቱ ለሚ በኩል ገበሬ ነበሩ፣ እሱ ፎቅ ላይ ኮምፒውተር ይሸጣል። ያየውን ፕሮሰሰር ሁሉ እንደ ራሱ ከብት በስሙ ያውቀዋል።

"ስንት ዋት ይበላል?" ብዬ ጠየቅኩት። ሰው ስንት ዋት ብሎ ጠይቆት አያውቅም አለ። ደስ አለው። መዝገብ ከፈተልኝ።

አይ ሰባቱ ሰማንያ አራት ዋት፣ ለብቻው። ፋን ይፈልጋል፣ ፋን ማለት አቧራ ነው። አይ ሦስቱ ሃምሳ አራት። ከዚያ ወደ ታች ወረድን… እዚያ ታች፣ ማንም የማይጠይቃት ትንሽ ፕሮሰሰር አለች። አሥር ዋት። ፋን የላትም፣ አናቷ ላይ አልሙኒየም ብቻ። ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ቦርድ ላይ ተበይዳ ነው የምትመጣው፤ ቦርዱም በቀጥታ በአሥራ ሁለት ቮልት የሚሠራ ዓይነት አለው። አሥራ ሁለት ቮልት! የመኪና ባትሪ ማለት ነው።

"ለጽሕፈት ትበቃለች?"

"ለጽሕፈት ትተርፋለች፣ ጋሼ። ግን እዚህ አገር የለችም። እኔም አላስመጣትም፣ ማን ይገዛኛል? የሠርግ ቪዲዮ የሚሠሩት እንኳን የሚፈልጉት ትልቁን ነው።"

ጥቅምት 22

ሦስት ቀን ሙሉ አሰላሁ። የአሁኑ ኮምፒውተሯ ከነሞኒተሩ መቶ ስልሳ ዋት ይበላል፤ ለካሁት። በትንሿ፣ በአዲስ ስስ ሞኒተር፣ ሁሉም ተደምሮ ሠላሳ ቢሆን ነው። ጋራዥ ውስጥ የተቀመጠው ባለ ሰባ አምፒር የመኪና ባትሪ ግማሹን ብቻ ቢሰጥ እንኳን ከጠዋት እስከ ማታ።

ወሰንኩ። ትንሿ ናት። ሰው ይሳቅ።

አውሮፕላን ላይ ያየሁት እሱን ነው፤ ጥሩ ዕቃ ማለት ለሥራው የሚበቃ እንጂ የሚበልጥ አይደለም። የሚበልጠው ክብደት ነው።

ኅዳር 4

ዕፀገነት ዛሬ ማታ ወደ ጓንጁ በረረች። የምንትዋብ እህት ልጅ ናት፤ እናቷ ስትሞት ስምንት ዓመቷ ነበር፣ እኛ ጋ አደገች። አሁን ልብስ ነጋዴ ሆና በሁለት ወር አንዴ ቻይና ትመላለሳለች። በሥራ ማን ያህላታል!

ሞዴሉን በትልልቅ ፊደል ጽፌ ሰጠኋት። ከነቦርዱ፣ አንድ ፍሬ።

"ይሄ ብቻ ነው ጋሼ? ምነው ከበድ ያለ ነገር ቢያዙኝ!"

"ይሄ ብቻ። እንደተጻፈው።"

ኅዳር 20

መጣች። ሻንጣዋን ሳትፈታ ነው እኛ ጋ የመጣችው።

"ጋሼ፣ ዐይንዎን ይጨፍኑ።"

ጨፈንኩ። እጄ ላይ ትንሽ ሰማያዊ ካርቶን አኖረች… ቀለል አለኝ። ቦርድ እንዲህ አይቀልም። ዐይኔን ገለጥኩ። ኮር አይ ሰባት።

"ባለ ሱቁ የእርስዎን ወረቀት አይቶ ሳቀብኝ። የመጨረሻዋ ትንሿ ናት አለኝ። ላሳደጉኝ ሰው ትንሿን? ምን ሲደረግ! ከራሴ ጨምሬ ትልቁን አመጣሁ።"

ዐይኗ ያበራል። እንደ ልጅነቷ፣ ካርድ ይዛ ስትመጣ እንደሚያበራው።

ያመጣችው ፕሮሰሰሩን ብቻ ነው፣ ቦርድ የለውም። ቢኖረውም ባትሪዬን ጠጥቶ ይጨርሰዋል። ግንባሯን ሳምኩና፣ "ተባረኪ፣ ልክ ያሰብኩት ነው" አልኳት።

ያሰብኩት! ከየት መጣልኝ?

ምንትዋብ ከወዲያ ማዶ አየችኝ።

ኅዳር 21

ሳጥኑን ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጥኩት። ሲያዩት ያምራል።

ኅዳር 25

ቶሌራ ጋ። አይ ሰባቱን ሲያይ እንደ ታቦት በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ቦርድ ልገጥምልዎ እችላለሁ አለ። ቁጭ ብለን አሰላን፤ በባትሪ ሦስት ሰዓት፣ እሱም ከሠራ። ከነፋኑ፣ ከነአቧራው። የጀት ሞተር ባጃጅ ላይ መግጠም ማለት ነው።

"ይሽጡት ጋሼ። ገዢ ዛሬውኑ አገኛለሁ። እሷ አታውቅ!"

"ቤት መጥታ የታለ ያመጣሁት ስትልስ?"

ቢሸጥስ ትንሿን ማን ያመጣልኛል? የማውቀው ተጓዥ እሷው ናት። እሷን ለማዘዝ እሷን ማስቀየም አለብኝ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው።

ታኅሣሥ 6

ዛሬ ደግሞ ዘጠኝ ገጽ። ፌናን ከሥራ ወጥታ ስትመጣ ምንትዋብ በሻማ የደብተሯን ገጽ እየቆጠረች ነበር።

"እትዬ ምንትዋብ፣ ሌላ ቦታ ልውሰደው እንዴ?" አለች ልጅቷ፣ ቀስ ብላ። ክፋት የለውም፣ ቀኑ እየደረሰባት ነው።

ምንትዋብ ደብተሩን ዘጋች። "የጠፋውን ለመመለስ አምስት ቀን ስጪኝ" አለች። ሠላሳ ዓመት ውስጥ ከእሷ እጅ ወረቀት የወሰደባት ሰው የለም። ጀርባዋን ሰጥታኝ ስለነበር ፊቷን አላየሁም። አለማየቴ ተሻለኝ።

ታኅሣሥ 7

ኮምፒውተሯ ተሠርታ ቢሆን ኖሮ ዘጠኙ ገጽ አይጠፋም ነበር። ያልተሠራችው በእኔ አፍ ምክንያት ነው። አንድ ዐረፍተ ነገር… "ዕፀ፣ ይሄ አይገጥምም"። በቃ ይኼው ነበር።

ታኅሣሥ 15

ስልኩን አነሳሁ። ደወልኩ። "ደህና ነሽ ወይ" ብዬ ዘጋሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔው ግን እየነቀዘ ነው።

ታኅሣሥ 29

ገና። ዕፀገነት ከሁለት ጓደኞቿ ጋር መጣች። በር ላይ ገና፣ "የታለች ማሽኗ? አስነሱልኛ፣ ለእነዚህ ላሳያቸው!"

አዲስ እኔን አየኝ። ምንትዋብ ወጡን ማማሰሏን አቆመች።

"ዕፀ፣ ነይ ጓሮ" አልኳት። እዚያ ነገርኳት። "አልተሠራችም። ያመጣሽው አይሆንም። ያወቅኩት የሰጠሽኝ ቀን ነው። ዋሸሁሽ።"

ቆመች። ቀኑን በጣቷ እየቆጠረች መሰለኝ።

"አርባ ቀን፣ ጋሼ?"

"አርባ ቀን።"

"ልጅዎ ብሆን ኖሮ ያኔውኑ ይቆጡኝ ነበር። ዝም የሚባለው እንግዳ ነው።"

እንዲህ ነው ያለችው። ገብታ ከሰው ጋር ተቀመጠች፣ ሳትበላ አልሄደችም፤ በላች ግን አልልም። ትልቅ ሰው ነኝ ብዬ ነበር።

ጥር 1

ምንትዋብን፣ "አውቀሽ ነበር?" አልኳት።

"ከመጀመሪያው ቀን።"

"እንዴት?"

"የሐኪም እጅ ጽሑፍ አንብቤ የምጽፍ ሴት ያንተ ፊት ያቅተኛል?"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ልጅቷ የሁለታችን ናት። የዋሸሃት አንተ፣ የምትነግራትም አንተ።" ተመልሳ ገብታ መጻፍ ጀመረች። መብራቱ እንደሆን እንደ ልማዱ ይሄዳል።

ጥር 6

ከምሳ በኋላ ስልክ። ዕፀገነት ናት። ከኋላዋ የአየር መንገድ ማስታወቂያ ይሰማል፣ ቦሌ ተርሚናል ውስጥ ሆና ነው።

"ጋሼ፣ ወረቀቱ ጠፍቶብኛል። ሞዴሉን አንድ በአንድ ይንገሩኝ፣ እጽፋለሁ።"

ነገርኳት። ፊደሉን፣ ቁጥሩን፣ ከነቦርዱ መሆኑን፣ አሥራ ሁለት ቮልት መሆኑን። መልሳ አነበበችልኝ። ልክ ነው።

"ሌላ ባመጣስ?" አለች።

"እቆጣሻለሁ! ቤቴ እንዳትገቢ!"

ከዚያ ሳቀች። "አዎ፣ እንደሱ ይቆጡኝ" አለች።

ጓሮ ወጥቼ አውሮፕላኖቹን ሳይ አመሸሁ። የትኛው የእሷ እንደሆነ በሰዓቱ አውቄዋለሁ።

ጥር 18

መጣች! ቦርዷ ከመዳፌ ብዙም አትበልጥ። ፕሮሰሰሯ መሃል ላይ ተበይዳ፣ አልሙኒየሟን ደፍታ። ዕፀገነት፣ "ይህች ናት እንግዲህ አርባ ቀን ያስቀየመችን?" አለች። አስቀምጬ ምን ከምን እንደሚገናኝ አስረዳኋት። ስልችት ሳይላት ሰማችኝ። ወይም አስመሰለች፤ ግድ የለኝም።

ጥር 21

ሳጥኗን ሠራሁ። አልሙኒየም ቆረጥኩ፣ አጠፍኩ፣ በሪቬት ምስማር ያዝኩት፣ ልክ እንደ አውሮፕላን ክንፍ። አንዷም ሪቬት አልተጣመመችም። የአየር ቀዳዳዎቹን ከታችና ከኋላ አደረግኳቸው፣ አቧራው ከላይ ነውና የሚወርደው። ባትሪው ሲሞላ ቮልቱ ከፍ ስለሚል መቆጣጠሪያውን ራሴ በየድኩ። የተጻፈው የሚቀመጥበትን ዲስኳን ቶሌራ በነጻ ሰጠኝ፤ ስትሠራ ለማየት እንጂ ለገበያ አይደለም አለኝ።

ጥር 22

ቤተሰቡ ሁሉ ቆመ። አዲስ ሳይቀር ከሥራ ቀድሞ ወጥቶ መጣ። ቁልፉን ተጫንኩ።

ምንም።

ደግሜ ተጫንኩ። ምንም። ባትሪውን ለካሁ፣ ደህና። መቆጣጠሪያውን ለካሁ፣ ደህና። ሠላሳ ሦስት ዓመት…

ምንትዋብ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለችና፣ "ይቺ ሽቦ ከጎኗ ያለው ላይ አይደለም እንዴ መሆን ያለባት?" አለች። የማብሪያውን ሽቦ አንድ ፒን ስቼ ነው የሰካሁት። ስሕተት ፈልጋ ማግኘት የእሷ ሥራ ነው መቼም።

አስተካከልኩ። ተጫንኩ። ተነሳች። ድምፅ የለ፣ ፋን የለ… አዲስ ጆሮውን ሳጥኗ ላይ ለጥፎ፣ "በርግጥ በርታለች?" ይላል። ሃያ ዘጠኝ ዋት! ሠላሳ ብዬ ነበር፤ ሃያ ዘጠኝ።

ጥር 29

መብራት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ጠፋ። ፊት ለፊት ያለው ሕንፃ ጄኔሬተሩን አስነሳ፣ መንደሩ በጭስ ታጠነ። እኔ ቁጭ ብዬ ሰማሁ… ኪቦርዱ አላቆመም።

ሦስት ሰዓት። አራት። ሰባት ሰዓት ላይ ምሳ ወሰድኩላት፣ "ምነው ዛሬ መብራቱ ደህና ነው" አለችኝ። አልነገርኳትም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፌናን መጣች። በረንዳው ላይ ስትወጣ፣ ምንትዋብ የመጨረሻውን ገጽ እየጻፈች ነበር። የልጅቷ አያት ምርቃት ነው፤ ኦሮምኛው ከላይ፣ አማርኛው ከታች። ፌናን ከኋላዋ ቆማ ከስክሪኑ ላይ ጮክ ብላ በኦሮምኛ አነበበችው። ምንትዋብ ነጥቡን አሳረፈች። መቶ አርባ ሁለት ገጽ፣ ዛሬ አንድም አልጠፋ።

ባትሪውን ለካሁ። ገና ግማሽ አልደረሰም። ኩራት ኃጢአት ነው ይላል ቄሱ። ዛሬ ኃጢአቴን ሠርቻለሁ፣ እስክጠግብ።

የካቲት 3

ፌናን ትናንት አስረከበች። ደወለችልን።

አዲስ ማታ መጥቶ ዙሪያ ጥምጥም ሄደ ሄደና፣ "አባዬ… ያ አይ ሰባት ከተቀመጠ ለእኔ ብትገጥምልኝስ?" አለ። ዕፀገነትን ጠይቅ አልኩት። ጠየቃት። "ጋሼ ከገጠሙት እሺ" አለችው። ቶሌራ ጋ ቦርድ አዝዣለሁ። ቅዳሜ ልጄ እዚህ ቁጭ ብሎ ካቻቪቴ ያቀብለኛል።

የካቲት 10

ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወጣ በራችን ላይ አራት ሰዎች ቆመዋል። ተማሪዎች። ሁሉም ደብተር ይዘዋል። ፌናን ነች የላከቻችሁ አልኳቸው፣ አዎ አሉ። ሰፈሩ ሁሉ መብራት የለውም፤ ከእኛ የፊተኛ ክፍል የኪቦርድ ድምፅ ይመጣል።

ስለ ጸጉር ቤት ማንም አንሥቶ አያውቅም፣ እኔም አላነሣም።

ዳቦውን ይዤ ስመለስ ምንትዋብ ወንበር ላይ ቆማ በሩ ላይ ወረቀት እየለጠፈች ነበር። ወንበሩን ያዝኩላት። ወርዳ ገባች፣ ሥራ አለባት። መንገዱን ተሻግሬ ከሕንፃው ሥር ቆምኩና አነበብኩት። በትልልቅ ፊደል፣ አንድም ስሕተት የሌለበት፦

መብራት ቢጠፋም እንጽፋለን።